ይድረስ ለአዘጋጁ፦ የእንጉዳይ ክፍል መተንፈሻ ይኑረው

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በቅርቡ ስለ ቤት ውስጥ የእንጉዳይ ልማት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው። ሴቶችና ወጣቶች ሥራውን እንዲጀምሩ ማበረታታታችሁ ደስ ብሎኛል። ስለ ዘሩ፣ ስለ ጭዱ፣ ስለ ገበያው የተነገረውም ትክክል ነው። ሥራው የሚሠራበት ክፍል ግን “ማንኛውም ትርፍ ክፍል” ተብሎ ታልፏል። ክቡር አዘጋጅ፣ በዚህ ሥራ በዓይኔ ያየሁት ትልልቅ ኪሳራ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ከታለፈው ነገር ነው። ዘሩ ደህና ነበር፣ ገዢውም በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ክፍሉ ግሎና ታፍኖ ነው ሰው የከሰረው።

የምኖረው ከኮተቤ ወደ ላይ፣ ካራ አሎ ነው። እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቅና ለምግብ ቤት እያስረከብኩ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። ወገቤ ምጣድ ላይ መጎንበሱን እምቢ ሲል ማድ ቤቴን ለእንጉዳይ አደረግሁት። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች የጭቃ ቤት ናት፤ ጣራዋ ቆርቆሮ ነው። ማድ ቤት ስለነበረች ከጣራው ሥር የጭስ መውጫ፣ ከበሩ ግርጌ ደግሞ ክፍተት አላት። ሊያሠለጥኑን የመጡት ልጆች ክፍሏን ሲያዩ መጀመሪያ ያሉኝ “እማማ፣ እርጥበቱ እንዳይወጣ ሁለቱንም በላስቲክ ይድፈኗቸው” ነው። ልጆቹ ቅን ናቸው፤ የተማሩትን ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ከጭስ ጋር የኖርኩ ሴት ነኝ። አየር መግቢያና መውጫ የሌለው ቤት ምን እንደሚያደርግ በዓይኔም በደረቴም ዐውቀዋለሁ። አልደፈንኩትም።

የእንጉዳይ ገበያ የሚሄደው ከጾም ጋር ነው። በፍስክ ወራት ሥጋ እያለ እንጉዳይ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ግን ምግብ ቤቱ ሁሉ የእንጉዳይ ጥብስ እያለ በር ላይ ይጽፋል፤ ከሾላ ገበያ የሚደውሉልኝ ነጋዴዎች ሳይቀሩ “እማማ፣ ያለዎትን ሁሉ” ነው የሚሉኝ። ችግሩ ሁዳዴ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መሆኑ ነው። ለቆርቆሮ ቤት ከዓመቱ የከፋው ወቅት ያ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ሚያዝያ 5 አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ፋሲካም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ነው የሚውለው። እንግዲህ ገበያው ከሁሉ ይልቅ በሚፈልገን ሳምንት፣ ሙሉዋ ፀሐይ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ጣራው ላይ ነው። መስኮት ላይ መጋረጃ መስቀል ያን ሙቀት አይመልሰውም።

ይህ ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት ጭድ ተሞልቶ ዘር የተዘራበትን ላስቲክ፣ ማለትም ከረጢቱን፣ ማወቅ ያስፈልጋል። በላስቲኩ ውስጥ ያለው ነጭ ክር ሕይወት አለው፤ ኦክስጅን ይስባል፣ የተቃጠለ አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ያወጣል፣ እየበላም ሙቀት ይሰጣል። ለጠላ ብቅል ያበቀለች ሴት ነገሩን ወዲያው ትረዳዋለች፤ የታፈነ ብቅል እጅ ሲገባበት መሃሉ እንደሚግል ሁሉ የላስቲኩም መሃል ይግላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 27 ሲል፣ በላስቲኩ መሃል የተሰካው 31 እና 32 ሲል አይቻለሁ። ላስቲኮቹ ተደጋግፈው ከተከመሩ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። የምናለማው ዓይነት፣ የኦይስተር እንጉዳይ፣ ክሩ 24፣ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደህና ይሮጣል። ከ35 በላይ ሲሆን ይደክማል፤ ያኔ ሙቀትን የሚችለው አረንጓዴ ሻጋታ ይቀድመዋል። ሻጋታ አንዴ ከገባ ደግሞ ያንን ላስቲክ ከግቢ አውጥቶ መቅበር እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ፍሬ የሚሰጥበት ጊዜ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል። ክሩ ላስቲኩን እስኪሞላ ጨለማውንም የታፈነውንም አየር ይችል የነበረው ያው ነገር፣ እንቡጥ ማውጣት ሲጀምር ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ትንሽ ብርሃንና ብዙ ንጹሕ አየር ይፈልጋል። ውጭ የምንተነፍሰው አየር ከ10,000 እጅ 4 እጅ ገደማ የተቃጠለ አየር አለው። እንጉዳዩ ሲያፈራ ይህ ከ10 እጅ ባያልፍ ጥሩ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ እንጉዳዩ ራሱ ይናገራል። እግሩ እየረዘመ ጥላው፣ ማለትም እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ራሱ፣ ጠቦ ከቀረ ታፍኗል ማለት ነው። የጥላው ጠርዝ ደርቆ ከተሰነጠቀ ነፋስ በቀጥታ መትቶታል። ላዩ ላይ ቢጫና ቡኒ ነጠብጣብ ወጥቶ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ውሃ ተረጭቶበት ሳይናፈስ አድሯል። እርጥበቱ ከመቶ 80 እስከ 90 ይሁን ሲባል ሰው የሚሰማው “ዝጋው” የሚለውን ነው። መባል ያለበት ግን “አርጥበው፣ አናፍሰውም” ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ምርት አይሰጥም።

የእህቴ ልጅ ያለችበት የወጣቶች ማኅበር ለዚህ ሥራ ሼድ ተሰጥቶት ነበር። የሰጣቸውን መሥሪያ ቤት ስም አላነሣም፤ እንዲህ ያለው ሼድ በየሠፈሩ ስላለ የአንድ ቦታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም፣ መስኮቶቹ ጥቂትና ጠባብ ናቸው። ልጆቹ እንደተነገራቸው ውስጡን በሙሉ ላስቲክ አልብሰው፣ እስከ ጣራው በሚደርስ መደርደሪያ ላይ ላስቲኮቹን ጥቅጥቅ አድርገው ደረደሩ። ወሩ መጋቢት ነበር። “አክስቴ፣ ነይና እዪልን፤ ሽታው ተለውጧል” ብላ ጠራችኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በሩን ስንከፍተው ፊቴን የመታኝ አየር ምጣድ ዳር የምቀበለው ዓይነት ነበር። በጤናው ጊዜ ክፍሉ ደስ የሚል የእንጉዳይ ሽታ ነው የሚኖረው፤ ያን ቀን ግን የኮመጠጠ ሊጥ ይሸት ነበር። ቴርሞሜትሬን ወለሉ አጠገብ ሳስቀምጠው 28፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሳወጣው 37 አለ። ልብ በሉ፣ አንድ ክፍል ነው፣ ሰዓቱም ያው ነው። ታች ያሉት ላስቲኮች ነጭ ነበሩ፤ መሃል ያሉት ግማሽ በግማሽ፤ ከላይ ያሉት ግን ጣት ሲነካቸው አረንጓዴ ዱቄት የሚያስቀሩ ሆነዋል። ብድር የተወሰደበት ሥራ ነው። አንዱ ልጅ ወጥቶ ግንቡ ላይ ተቀመጠና ማንንም አላናገረም።

እነዚያ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። ሌሊት ተነሥተው ውሃ የሚረጩ፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ላስቲክ የማይነኩ ልጆች ናቸው። ጠቅላላ ጥንቃቄያቸውን የበላው ጣራው ነው። ጣራ ደግሞ ሼዱን የሠራው አካል ኃላፊነት ነው፤ እህል ማከማቻና ሕይወት ያለው ነገር ማሳደጊያ በአንድ ፕላን መሠራት የለባቸውም።

አሁን እኔ ስለምሠራበት መንገድ ልንገራችሁ፤ ለአንባቢም ይጠቅማልና።

መጀመሪያ ጣራው ነው። አዲስ ቆርቆሮ ስለሚያበራ ሙቀት የማይዝ ይመስላል። እውነቱ ግን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ መልሶ መልቀቅ አይሆንለትም፤ ነጭ ቀለም ሲቀባ ፀሐዩንም ይመልሳል፣ የያዘውንም ይለቃል። ጎረቤቶቼ ኖራ ይቀባሉ፤ ኖራ ግን ክረምት ያጥበዋል፣ ቆርቆሮውንም ይበላል፤ ስለዚህ የጣራ ቀለም ቢሆን እመርጣለሁ። ቀለም መግዛት ያልቻለ ሰው ኮርኒሱን ይሥራ። የእኔ ኮርኒስ ተተርትሮ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው፤ በላዩ ደረቅ ጭድ ተነስንሶበታል። ዋናው ቁም ነገር በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም ጫፍ ክፍት መሆኑ ነው፤ እዚያ የሚግለው አየር በነፋስ ተጠርጎ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ያንን ክፍተት ደፍኖ ኮርኒስ መሥራት ግማሽ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የአየሩ መንገድ ነው። የጋለ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ከፍ ብሎ፣ መግቢያው ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱም በተቃራኒ ግድግዳ ላይ መሆን አለባቸው። ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት መስኮቶች አየሩን በዚያው ያዞሩታል፤ የክፍሉ ጥግ ሳይነካ ይቀራል። ላስቲክ ሳላስገባ በፊት የምሞክረው በዕጣን ነው። ገርጊራው ላይ ፍም አድርጌ ትንሽ ዕጣን እጨምርና በታችኛው መግቢያ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ ጭሱን አያለሁ። ወለል ለወለል ሄዶ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ወጥቶ፣ በላይኛው ቀዳዳ ከወጣ ክፍሉ ይተነፍሳል። አንዱ ጥግ ገብቶ የሚንጠለጠል ከሆነ፣ እዚያ የሚቀመጠው ላስቲክ እግሩ የረዘመ እንጉዳይ ነው የሚሰጠው። በእኔ ቤት የበሩ ማዶ ጥግ እንዲህ ነበር፤ መደርደሪያውን ከግድግዳው ክንድ ያህል ሳርቀው ጭሱ ከኋላው አለፈ። ሙከራው ሲያልቅ ፍሙን አውጥቶ ቤቱን ማናፈስ ነው። ይህን ለማየት አንድ ከሰዓት በቂ ነው፤ ከዕጣኑ ሌላ ወጪ የለውም።

መግቢያና መውጫው ላይ ጥቃቅን ዝንቦች እንዳይገቡ ወንፊት ያስፈልጋል። የአልጋ አጎበር ለእነዚያ ዝንቦች ሰፊ ነው፤ እኔ ስስ ሻሽ ነው የወጠርኩት። ሻሽ ግን አየሩን ስለሚያዘገየው ቀዳዳውን ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አቧራ ሲይዝም ማጠብ ነው።

ሦስተኛው ሰዓቱን ማወቅ ነው። የእኛ አገር ደጋ አንድ በረከት አለው፤ በበጋ ቀኑ የቱንም ያህል ቢሞቅ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። በመጋቢት ማታ ላይ የላይኛውንም የታችኛውንም መክፈቻ ሙሉ ለሙሉ ከፍቼ አሳድራለሁ። የጭቃው ግድግዳና ጥግ ላይ ያሉት ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ሲቀዘቅዙ ያድራሉ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን አብዛኛውን ዘግቼ የታችኛውን ብቻ በእርጥብ ጆንያ እሸፍነዋለሁ፤ የላይኛውን ጥቂት ክፍት እተወዋለሁ። ግድግዳው የሌሊቱን ቅዝቃዜ እስከ ከሰዓት ይይዘዋል። ቆርቆሮ ግድግዳ ይህን አያደርግም፤ ቀን ከፀሐይ ጋር ይግላል፣ ሌሊት ከብርድ ጋር ይቀዘቅዛል። የጭቃ ቤት ያላችሁ እናቶች ቤታችሁን አትናቁት፤ ለዚህ ሥራ ከብዙ ሼድ ይሻላል።

እርጥብ ጆንያ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 700 ዋት የሚስብ ምድጃ በአንድ ሰዓት ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። የውጩ አየር በጆንያው ውስጥ ሲያልፍ ቀዝቅዞና ረጥቦ ይገባል፤ በአንድ ጊዜ ሙቀቱም ድርቀቱም ይታገሣል። ጆንያው ንጹሕ መሆን አለበት፤ እኔ በየጊዜው ቀቅዬ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ አለዚያ ራሱ የሻጋታ ምንጭ ይሆናል። በክረምት ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። በሐምሌና በነሐሴ የውጩ አየር ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ጆንያው አይተንም። ለፍልሰታ ገበያ የሚያመርት ሰው ጆንያውን አውርዶ፣ ርጭቱን ቀንሶ፣ አየሩን ብቻ ያብዛ።

ቬንትሌተር ግዙ የሚሉ አሉ፤ አልቃወምም። የእኔ ክፍል ውስጡ 30 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በፍሬው ጊዜ አየሩ በሰዓት አራት አምስት ጊዜ ይለወጥ ቢባል፣ በሰዓት ከ120 እስከ 150 ሜትር ኩብ መሳብ የሚችል ትንሽ ቬንትሌተር ይበቃል። የሚገጠመውም ከላይ፣ ወደ ውጭ እንዲያወጣ ሆኖ ነው፤ ወደ ውስጥ እንዲነፋ ተደርጎ እንቡጡ ላይ ከዞረ ያደርቀዋል። ሰው የማያስበው አንድ ነገር ደግሞ አለ። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነን፤ አየራችን በቆላው ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቬንትሌተሩ የሚያወጣው አየር በመጠን ያው ቢሆንም ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ለሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ለሙቀት ማውጫ “ይህ ይበቃል” ካለ፣ እዚህ ከፍ ያለውን መምረጥ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ መብራት ይጠፋል። ሁዳዴ እኩለ ቀን ላይ መብራት ሲጠፋ በቬንትሌተር ብቻ የሚተነፍስ ክፍል በአንድ ከሰዓት ይቃጠላል። ቬንትሌተር አጋዥ ይሁን፤ ቀዳዳዎቹ ግን ያለ እሱም የሚሠሩ ሆነው ይሠሩ።

ክቡር አዘጋጅ፣ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ገንዘብ ነው። አሁን የምለው ስለ ሕይወት ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ለማተም ቦታ ካላችሁ እባካችሁ ይህን አትሙልኝ።

በጾመ ነቢያት፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ፣ እንደገና ገበያ አለ። ያኔ ደግሞ የካራ አሎ ሌሊት አጥንት ይሰብራል፤ የእንጉዳዩ ክር ይቆማል፣ እንቡጡም አይገፋም። ሰው ምን ያደርጋል? ከሰል ያቀጣጥልና ክፍሉ ውስጥ ያስገባል። ለእርጥበት ተብሎ በላስቲክ የታሸገ ክፍል ውስጥ! ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት ሳያውቀው ይቀራል። በእኛው አካባቢ የአንድ ማኅበር እንጉዳይ የሚጠብቅ ልጅ ማንደጃውን አስገብቶ እዚያው መደርደሪያ ሥር ተኛ። ጠዋት ውሃ ሊረጩ የመጡት ልጆች በሩን ሰብረው አወጡት። ጎትተው ደጅ ሲያስተኙት እጁ ከብዶ ይወድቅ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐኪም ቤት ደርሶ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ ራሱን ያዞረው ነበር። እናቱን ዐውቃታለሁ፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም።

ከሰል ለእንጉዳዩም አይሆነውም። የተቃጠለውን አየር አብዝቶ እግሩን ያስረዝመዋል እንጂ አያሳድገውም። ሙቀት የሚገኝበት ሌላ መንገድ አለ። አንደኛ፣ ላስቲኮቹ ራሳቸው ሙቀት ይሰጣሉ ብያለሁ፤ በመጋቢት በመካከላቸው ስንዝር ያህል እየተውኩ የምደረድራቸውን ላስቲኮች በኅዳር ቀረብ አደርጋቸዋለሁ፣ ክር የሚያበቅሉትን ደግሞ በላስቲክ መጋረጃ ለይቼ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣቸዋለሁ። ሁለተኛ፣ ውሃ ነው። ጭዱን ለማፍላት ደጅ ላይ እሳት እናነዳለን፤ ከዚያ የሚተርፈውን ፍል ውሃ ሰው ይደፋዋል። እኔ ለብ እስኪል ሳልጠብቅ፣ ልጆች እንዳይጠጉ አድርጌ፣ ባልዲ በባልዲ ክፍሉ ውስጥ ወዳለው በርሜል እገለብጠውና በክዳን እዘጋዋለሁ። 200 ሊትር ውሃ ከ60 ዲግሪ ወደ 20 ሲወርድ የሚለቀው ሙቀት 1,000 ዋት የሚስብ ምድጃ ከ9 ሰዓት በላይ ሲነድ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማለት ነው፤ ጭስ የለው፣ መርዝ የለው፣ መብራት ቢጠፋም አይቆም። ለዚህ ሲባል ጭድ የማፈላበትን ቀን ብርድ ከሚበረታበት ሰሞን ጋር አገጣጥመዋለሁ። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ ሲወጣ መክፈቻውን ከፍቼ ሞቅ ያለውን የውጭ አየር አስገባለሁ፤ በኅዳር የሚከፈተው ቀን ነው፣ የሚጠበበው ሌሊት ነው። ቢሆንም ሌሊትም ቢሆን ጨርሶ አይደፈንም።

ስለ ሳንባም አንድ ቃል። እንጉዳይ ጥላው ተዘርግቶ ጠርዙ ወደ ላይ ሲቀለበስ በዓይን የማይለይ ብናኝ ይለቃል፤ ባልተናፈሰ ክፍል ውስጥ ያ ብናኝ ተከማችቶ ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ እጥረት የሚያመጣ የሳንባ ቁጣ ያስነሣል። ጠርዙ ወደ ታች እንደታጠፈ መልቀም፣ ስንለቅምም አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል። ክቡር አዘጋጅ፣ ጽሑፋችሁ ላይ “ትርፍ ክፍል” ሲባል ብዙ ሰው ትርፍ ክፍል እንደሌለው አስታውሱ። የሚተኛበትን ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ ከማዶ ላስቲክ የሚደረድር፣ ሕፃን አቅፎ እዚያው የሚያድር ቤተሰብ ዐውቃለሁ። እንጉዳይ ሰው ከሚተኛበት አየር ጋር አንድ አየር መጋራት የለበትም። ይህ በግልጽ ይጻፍ።

የምጠይቀው ሦስት ወገኖችን ነው። ሥልጠና የምትሰጡ፣ ስለ ዘርና ስለ ጭድ ከምታስተምሩበት ሰዓት ላይ ቀንሳችሁ የሠልጣኙን ቤት ሄዳችሁ እዩ፤ አየሩ በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ሳታዩ ዘር አትስጡ። ቴርሞሜትር ከዘሩ ጋር ይሰጥ፤ አንዱ ለላይኛው መደርደሪያ፣ አንዱ ለታችኛው። ሼድ የምታሠሩ ክፍሎች፣ ለእንጉዳይ የሚሰጠው ሼድ ኮርኒስ ይኑረው፣ ግድግዳውና ጣራው ከሚገናኙበት ሥር ወንፊት ያለው መውጫ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎም መግቢያ ይተውለት። ሲሠራ የሚጨምረው ወጪ፣ የአንድ ሁዳዴ ምርት ሲቃጠል ከሚጠፋው ያንሳል፤ የእህቴን ልጅ ማኅበር ብድር አይቼ ነው የምለው።

እናንተን የጋዜጣው ሰዎች ደግሞ የምለምናችሁ ይህን ነው። የከሰሉን ማስጠንቀቂያ ከኅዳር በፊት፣ ሰው ማንደጃውን ሳያነሣ፣ ከፊት ገጽ ባይሆን እንኳ በሚታይ ቦታ አውጡት። በመጪው መጋቢት ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ ቴርሞሜትር አስይዛችሁ ወደ እንጉዳይ ሼዶቹ ላኩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይግባ፤ አንዱን ንባብ ከወለሉ፣ ሌላውን ከጣራው ሥር ይውሰድና ሁለቱንም ቁጥር ከሼዱ ፎቶግራፍ ጋር አትሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
እንጉዳይ አምራች አንባቢያችሁ
ከኮተቤ ካራ አሎ